ስሜ በሚነበብበት ስብሰባ ላይ ለምትቀመጡ ሐኪሞች

ግልጽ ደብዳቤ፤ በካንሰር ሕክምና ክፍሎች ለምትሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

እኔን አታውቁኝም። ካርዴን ግን ታውቁታላችሁ። ዕድሜ 60፣ ስኳር ያለባት፣ ሁለት የወለደች፣ የማህፀን ካንሰር። በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስባችሁ «ቱመር ቦርድ» በምትሉት ስብሰባ ላይ ስሜ ይነበባል። የኤምአርአይ ፎቶዬ ይከፈታል። አንዳችሁ «ኦፕራሲዮን ይቅደም» ትላላችሁ፤ ሌላችሁ «ፓቶሎጂው እንደገና ይታይ» ትላላችሁ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ካርድ ታልፋላችሁ። እኔ ያን ሰዓት ደሴ ነኝ። ስልኬን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬ አየዋለሁ። አይጮህም።

የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የምታከምበትን ሆስፒታል ስምም አልጠራም። ወረፋ ላይ ያገኘኋቸው ሴቶች ከተለያየ ሆስፒታል የመጡ ናቸው፤ ወሬያችን ግን አንድ ነው። በሽታው እንዳለብን እናውቃለን። ምን እንደሚደረግልን አናውቅም። መቼ እንደምናውቅም አናውቅም። እኔን ያደከመኝ ይኼ የመጨረሻው ነው።

36 ዓመት አስተምሬ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ወድቆ የሚያለቅስ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። አልቅሶ ይወጣለታል፤ በማግስቱ መጥቶ «ቲቸር፣ አሁን ምን ላድርግ?» ይላል። ውጤቱ ሳይለጠፍለት የሚቆየው ልጅ ነው ምግብ የሚያስጠላው። ዘንድሮ እኔ ያ ልጅ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የወር አበባ ካየሁ ስምንት ዓመት አልፎኝ ነበር። ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ትንሽ ደም አየሁ። ጠብታ ነገር ነው። ዝም አልኩ። በወሩ ተመልሶ መጣ። አሁንም ዝም አልኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ለስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ደበቅኩ። አፍሬ ነው። ይህን ነገር ለወንድ ልጄ በምን አፌ ልንገረው?

ደግሞ ተማምኜ ነበር። ከ10 ዓመት በፊት በጤና ጣቢያ የማህፀን በር ምርመራ ተደርጎልኝ «ነጻ ነሽ» ተብያለሁ። እኛ አገር «የማህፀን ካንሰር» ሲባል ሁሉም የሚያስበው የማህፀን በር ካንሰርን ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ክትባት የሚሰጠው ለእሱ ነው። በየቤቱ፣ በየሬዲዮው የሚነገረንም እሱ ነው። ይነገር፤ ደግ ነው። የእኔው ግን ሌላ ነው። የሚነሣው ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ነው። ያ ምርመራ እሱን ለማግኘት የተሠራ አይደለም፤ ክትባቱም አይከለክለውም። ዋናው ምልክቱ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ነው። እንዲህ ከሚደሙ 10 ሴቶች ዘጠኙ ገደማ ካንሰር የለባቸውም። አሥረኛዋ ማን እንደሆነች ግን ሳይመረመሩ አይታወቅም። ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ጠብታም ቢሆን ሂጂና ታዪ። እንደኔ ሁለት ወር አትቀመጪ።

ታኅሣሥ ላይ ሄድኩ። አልትራሳውንድ ታየሁ። የሽፋኑ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ሆነ። ያረጠችና የምትደማ ሴት ሽፋኑ ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ ናሙና መወሰድ አለበት አሉኝ። ተወሰደ። «ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል» ተባልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሄድኩ፤ የለም። በሦስተኛው ሄድኩ፤ የለም። የደረሰው በአምስተኛው ነው።

ናሙና እንዴት እንደሚታይ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። በፎርማሊን ይቀመጣል። በሰም ይጠነክራል። እንደ ቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ተቆርጦ ቀለም ይገባበታል። ከዚያ አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም ማይክሮስኮፕ ላይ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። የእኔ ብቻ አይደለም፤ ፊቱ የስንት ሰው ናሙና ተደርድሯል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር «ውጤቴ ክፉ ሆኖ ነው የደበቁኝ» እያልኩ አምስት ሳምንት አልቃጠልም ነበር። ማስረዳቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ውጤቱን የሰማሁበትንም ልንገራችሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ ያየው ልጄን ነው። «እማማ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለ። ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዬን አቅፌ ቆምኩ። ልጄ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። «ትንሽ እጢ ነው እማዬ፤ ቀላል ነው» አለኝ። በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ። እህቴ ከኮምቦልቻ መጥታለች። ወንድሜ ከኋላዋ አለ። ሁለት የዕድር ሰዎችም አብረዋቸው ቆመዋል። በሌሊት ተሰብስቦ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ማን ሞተብኝ ብዬ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። የሞተ ሰው አልነበረም። መርዶው የኔው ነበር።

ቤተሰቤን አልወቅስም። የታመመን ሰው ከከባድ ወሬ መከለል ፍቅር ነው። እኔም ለእናቴ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ሐኪሙም ቢሆን በልማድ የሠራው ነው። ግን እኔ ገና አለሁ። የሚታከመው የእኔ ገላ ነው። ልጄን አስገቡት፤ እኔንም አታስወጡኝ። «እማማ፣ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት ይስማ?» ብላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። «አትንገሩኝ፤ ለልጄ ንገሩት» የምትል ሴት ትኖራለች። መብቷ ነው። እሷም ግን ትጠየቅ።

ከዚያ ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ተጻፈልኝ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን። የምናድረው የእህቴ ልጅ ቤት ነው። ለሕሙማን ማረፊያ እንዳለ እንኳ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሰዎች ማረፊያ እንደሚሰጥ ያወራችልኝ ወረፋ ላይ ከጎኔ የተቀመጠች የአርሲ ሴት ናት። ለእሷም የነገረቻት ሌላ ሕመምተኛ ናት።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው፣ የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ደም ተወሰደ፤ ኤምአርአይ ታዘዘ። በሁለተኛው «ቦርዱ ዛሬ አልተሰበሰበም፤ በሁለት ሳምንት ይመለሱ» ተባልኩ። በሦስተኛው፣ ሚያዝያ ላይ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም ካርዴን ገልጣ «እማማ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ ደምዎም አንሷል፤ እንዲህ ሆነው ለኦፕራሲዮን አንቀበልዎትም» አለችኝ። መቼ ነው የታወቀው ብዬ ጠየቅኳት። ወደ ኋላ ገለጠች። ዝም አለች። ለካ መጀመሪያ ቀን በተወሰደው ደም ላይ ሁለቱም ተጽፈው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ገጽ ነው።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጣሪያ ሳይ ነበር። «እየጠበቅኩ ነው» እል ነበር። ምን እንደምጠብቅ ግን አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ «ቀጠሮ» እላለሁ። ለካ ሰውነቴም ይጠበቅ ኖሯል። ስኳሬን ማውረድ እችል ነበር። ለደም ማነሱ የአይረን ኪኒን መዋጥ እችል ነበር። ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሄድ እችል ነበር። ማንም ስላልነገረኝ ግን ሊጠይቁኝ ከሚመጡት ሰዎች ጋር ሻይ በስኳር እጠጣለሁ፤ ሐዘኔን ለማስረሳት ያመጡልኝን ዳቦ አብሬያቸው እበላለሁ። አሁን ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጾሜን ስለካ 240 የነበረው ስኳር ትናንት 138 ሆኗል። ኪኒኑን እውጣለሁ። ጠዋት ፀሐይ ጦሳ ላይ ስታርፍ ከቤቴ እወጣለሁ፤ አርባ ደቂቃ እሄዳለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ግን እጄ ሥራ አግኝቷል። የሚሠራ እጅ ያለው ሰው አጠባበቁም ይለያል።

ያቺ ወጣት ሐኪም ሌላም ነገር አድርጋልኛለች። ስትነግረኝ ደንግጬ «ታዲያ እስከዚያ ቢሰራጭስ?» አልኳት። ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። የናሙናው ውጤት ላይ «ግሬድ» የሚሉት የሴሎቹ የክፋት ደረጃ ሁለት ተብሎ እንደተጻፈ አሳየችኝ። ደረጃ የሚሰጠው ከአንድ እስከ ሦስት እንደሆነ፣ ሦስተኛው ክፉው እንደሆነ ነገረችኝ። ኤምአርአዩ የሚያስፈልገው ወደ ማህፀኑ ሥጋ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባና ወደ ንፍፊቶቹ አልፎ እንደሆነ ለማየት ነው። ትክክለኛው ስርጭት የሚታወቀው ግን ማህፀኑ ከወጣና እንደገና በፓቶሎጂ ከታየ በኋላ ነው። ጨረር ወይም ኬሞ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወሰነውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። «ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም ልንነግርዎ አንችልም። የደበቅንዎት የለም፤ እኛም ገና አናውቅም። ጥቂት ሳምንት ስኳሩን ለማስተካከል ብንጠብቅ ይሻላል፤ ወራት ግን አንጠብቅም» አለችኝ።

ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሰጠችኝ የምሥራች አይደለም። «ይድናሉ» አላለችኝም። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባል የለ? የሰይጣኑን መልክ አሳየችኝ። «አናውቅም» የሚለው ቃልም እንዲህ ተብራርቶ ሲነገረኝ አላስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ዝምታችሁ ነው። ዝም ስትሉ የማስበው ክፉ ክፉውን ብቻ ነው።

ስለ ሌሊቱ ትንሽ ልጻፍ፤ እናንተ አታዩትምና። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ያን ሰዓት ሁሉም ነገር ካንሰር ነው። ወገቤን ሲያመኝ አጥንቴ ገባ እላለሁ። ሲያስለኝ ሳንባዬ ደረሰ እላለሁ። ቀን ላይ የእንጨት ሸክም ውጤት የሆነ ሕመም ሌሊት ሌላ ስም ያወጣል። መጀመሪያ ልጄ የሰጠኝን ስልክ ከፍቼ አነብ ነበር። አሁን ትቻለሁ። በምትኩ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ለሱብሂ ስትነሣ መብራቷ ይበራል። አንድ ቀን አጥር ላይ ጠራችኝና «እኔም እኮ መብራትሽን አያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰግዳ ስትጨርስ ትመጣለች። ያለ ስኳር ሻይ እንጠጣለን። ስለ በሽታው አናወራም። ስለ ዶሮዎቿ ነው የምናወራው። እስካሁን ያገኘሁት ትልቁ መድኃኒት እሷ ናት።

ደብተርም ገዝቻለሁ። የመምህር ልማድ ነው። ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ የማውቀውን፣ በቀኝ የማላውቀውን እጽፋለሁ። መጀመሪያ ቀኙ ሞልቶ ግራው ባዶ ነበር። ያቺ ሐኪም ከነገረችኝ ቀን በኋላ አምስት ነገር ከቀኝ ወደ ግራ አሻገርኩ። በቀይ እስክሪብቶ ነው ያሻገርኩት። ሌሊት አዲስ ፍርሃት ሲመጣብኝ በቀኝ በኩል ጽፌው እዘጋለሁ። ደብተሩ ይዞልኛል፤ እኔ ልያዘው አልልም። ይህን ያስተማረኝ የለም። ሌላ የምትጠብቅ ሴት ካለች ግን ትሞክረው።

አሁን ስለ ስልክ። ዝምታችሁ ሲረዝም ሌላ ሰው ይናገራል። ዘመድ «ካንሰር በሰባት ቀን የሚያጠፋ» የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ ላከልኝ። 15 ሺህ ብር ነው። ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ። ስሜን ጠየቀኝ። «እናቴ፣ አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አለኝ። አለቀስኩ። ከጥቅምት ጀምሮ ስልክ አንሥቶ «አለሁልሽ» ያለኝ ያ ሰው ብቻ ነበር። ብሩን ከባንክ ልታወጣ የሄደች መምህርት እኔ ነኝ፤ ሳይንስ ያስተማርኩ። ልጄ ባንክ በር ላይ ደርሶ መለሰኝ። ሰው ለምን የሕክምና ቀጠሮውን ትቶ ወደ እነሱ ይሄዳል ብላችሁ ስትገረሙ ይህን አስቡልኝ። አላዋቂነት ብቻ አይደለም። እነሱ ስልክ ያነሣሉ። ጠበል እጠመቃለሁ፤ ኪኒኔንም እውጣለሁ፤ ሁለቱ አልተጣሉብኝም። ያ ሰው ግን «ሆስፒታሉን ተዪው» ነበር ያለኝ።

ያስተማርኳት ልጅ እንግሊዝ አገር ነርስ ናት። በየእሑዱ ትደውልልኛለች። እዚያ ካንሰር ተጠርጥራ የተላከች ሴት በ28 ቀን ውስጥ «ነው» ወይም «አይደለም» መባል እንዳለባት፣ ከተላከችበት ቀን አንሥቶ በ62 ቀን ውስጥም ሕክምና መጀመር እንዳለባት ነገረችኝ። «ሁልጊዜ ይሳካል ወይ?» አልኳት። «ኧረ ቲቸር፣ ለብዙዎች አይሳካም። ግን ሕመምተኛዋ ቁጥሩን ልታውቀው ትችላለች። ሲያልፍባት ትጠይቃለች። ደግሞ የአንዲት ነርስ ስምና ስልክ ይሰጣታል» አለችኝ። የእነሱን ማሽን አልቀናሁበትም። ያቺን ነርስ ግን ቀናሁባት።

የእናንተንም አውቃለሁ። ከ100 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ ያለባት አገር ለብዙ ዓመታት የነበራት የጨረር ሕክምና ማዕከል አንድ፣ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን እንደ ጅማ ባሉ ቦታዎች መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ወረፋው ግን አላለቀም። ምሳ ሳትበሉ ስትሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ከወረፋው አውጡኝ አልልም። ከፊቴ ያለችው ሴትም እንደኔ ትጠብቃለች።

የምጠይቀው ወረቀት ነው። ግማሽ ገጽ ይበቃል። አሁን የሚጠበቀው ምን እንደሆነ ይጻፍበት፤ ፓቶሎጂ ነው? ኤምአርአይ ነው? የቦርዱ ውሳኔ ነው? ወይስ የኔ ስኳር? እስከ መቼ ካልተደወለልኝ እኔ ልደውል? ለማን? የአንድ ሰው ስም ይኑርበት። ሲስተርም ትሁን፣ ጸሐፊም ትሁን፣ ስልክ የምታነሣ ትሁን። እስከዚያ እኔ ምን ልሥራ? ደግሞ ምን ባይ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ልሩጥ? ደሙ ሲበረታ፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ ራሴን ስስት መምጣት እንዳለብኝ የነገረችኝ ያቺው የአርሲ ሴት ናት። እሷ ባትኖርስ? ማንበብ ለማትችል ሴት ደግሞ በቃል ይነገራት፤ አብሯት የመጣ ሰውም ይስማ።

ቦርዱ ሳይሰበሰብ ከቀረም ደውሉልኝ። «አልተሰበሰብንም፤ የሚቀጥለው ሳምንት ነው» በሉኝ። አይከፋኝም። 400 ኪሎ ሜትር መጥቼ ከምሰማው ደሴ ሆኜ ብሰማው ይሻለኛል። ከሩቅ የምትመጣ ሴት ካርድ ላይ ስልኳ ተጽፎ አለ። ማንም ደውሎበት አያውቅም እንጂ።

ቀጠሮዬ ሰኔ 12 ነው። ከዋዜማው እንገባለን። ደብተሬን ይዣለሁ፤ በቀኝ በኩል አሥራ አንድ ጥያቄ አለ። ሁሉም ባይመለስ ግድ የለኝም፤ የትኛው መቼ እንደሚመለስ ንገሩኝና እጽፈዋለሁ። ልጄም አብሮኝ ይገባል። ወንበሩ አንድ ብቻ ከሆነ እሱ ቆሞ ይስማ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች መምህርት
ደሴ፣ ግንቦት